የመሐሉ ብረት

ሰውየው የፈለገው ብረቱን አልነበረም። የፈለገው ብረቱ የተነቀለበትን ቦታ ነበር። ይህን አንድ ነገር ለመረዳት እኔና ባለቤቴ ምን ያህል እንደዘገየን ሳስብ እስካሁን ያናድደኛል። እስክንረዳው ድረስ አንዴ ግቢያችንን ሊወስድ የመጣ፣ አንዴ ገንዘብ የፈለገ፣ አንዴ ደግሞ ፀሐይ የመታው ሰው አድርገን ስንጠረጥረው ከረምን። ዛሬም ለሰው ሳወራ ከየት እንደምጀምር ግራ ይገባኛልና ከምስጡ ልጀምር።

ጋምቤላ ውስጥ እንጨት ተክሎ የሚተማመን አዲስ ገቢ ብቻ ነው። እኔም አዲስ ገቢ ነበርኩ። ኒውላንድ በሚባለው ሰፈር የተሰጠን የመንግሥት ቤት ግቢው ሰፊ ነው፤ ጥላ ግን ለመድኃኒት አይገኝበትም። እኔ ነርስ ነኝ፣ ባለቤቴ አስተማሪ፤ ሁለታችንም ከደጋ ተመድበን የመጣን። ከቀትር በኋላ ፀሐይዋ በረንዳው ላይ ስትወጣ ቤት ውስጥ መቀመጥም ውጭ መቀመጥም አይቻልም፤ በሩ ላይ ቆመን የት እንደምንቀመጥ እንከራከር ነበር። አንድ የግብርና ባለሙያ ከአቦቦ የፓሽን ፍሬ ዘር አምጥቶ ሰጠኝና «በአንድ ክረምት ጣራ ይሠራልሻል» አለኝ። አልዋሸም፤ ሐረጉ ለጉድ ነው የሚያድገው። ችግሩ የሚወጣበት ነገር ነው። መጀመሪያ የእንጨት ቋሚ ተክለን ገመድ ወጠርን። ክረምቱ ሳይወጣ ምስጡ ከሥር ከሥር በልቶ ጨርሶት ኖሮ አንድ ማለዳ ሐረጉን ከነፍሬው መሬት ላይ ተዘርግቶ አገኘሁት። በዓመቱ እንጨቱን የተቃጠለ ዘይት ቀብተን ተከልን። ምስጡ ዘይት የተቀባውን ትቶ መሐሉን በላ። ከውጭ ሲያዩት ቀጥ ብሎ የቆመ እንጨት ነው፤ ሲነኩት ጣት ይሰምጥበታል። ተቀምጬ አለቀስኩ ብል ሰው ይስቅብኛል፤ ግን አልቅሻለሁ።

«ብረት ነው የሚያስፈልገን» አልኩት ባለቤቴን።

«ለስንት ጊዜ ብለሽ?» አለኝ።

ጥያቄው ስለ ፓሽኑ እንዳልሆነ ገብቶኛል። ክልሉ ገና ክልል መሆኑ ነበር። ክልል አሥራ ሁለት ይባል በነበረበት በዚያ ሰሞን ቢሮው አዲስ፣ ታፔላው አዲስ፣ ማኅተሙ አዲስ ነው፤ ትናንት አብሮን ሻይ ይጠጣ የነበረው ዛሬ ኃላፊ ሆኖ ቀጠሮ ይሰጠናል። ከደጋ የመጣነውን ሠራተኞች ደግሞ ቆዩም ሂዱም የሚለን ጠፋ። አንዱ ዕቃውን ሸጦ ይሄዳል፣ ሌላው ሄዶ ሲያበቃ ተመልሶ የሸጠውን ዕቃ ይገዛል። ባለቤቴ ቁም ሣጥን እንኳ አንግዛ ባይ ነበር፤ ልብሳችን ሻንጣ ውስጥ ነበር የሚያድረው። እንጨት የሚተክል ሰው ለአንድ ክረምት ነው የሚተክለው። ብረት የሚተክል ሰው ምን እያለ እንደሆነ ግን እኔም በደንብ አላሰብኩበትም። ጥላ ነበር የፈለግሁት። ጥላና ጭማቂ።

ለክትባት ሥራ ኢታንግ ስንወርድ ገበያው ዳር ብረታ ብረት የሚሸጥ ሰው አገኘሁ። የድሮው የስደተኞች ካምፕ ከተበተነ በኋላ እዚያ የቀረውን የድንኳን ምሰሶ፣ የውሃ ቱቦ፣ ቆርቆሮና በርሜል እሱም ይነቅላል፣ ሰውም እየነቀለ ያመጣለታል። ከክምሩ ውስጥ ቀጥ ቀጥ ያሉ የውሃ ቱቦዎች መረጥኩ። አንዱ ከሌሎቹ ይለያል። ጫፉ በድንጋይ ተቀጥቅጦ ተጠፍጥፏል፤ ጠፍጣፋው ላይ በአንድ ወገን ማዕዘኑ ተቆርጧል፣ በሌላው ወገን ደግሞ ተሰንጥቋል። ሽቦ ማሳለፊያ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ሻጩ «እሱ ተበላሽቷል፣ ቀይሪው» ሲለኝ «የተበላሸው ነው የሚሻለኝ» አልኩት። በሥራ መኪናው ጣራ ላይ አስጫንኩና ሹፌሩ ሲያጉረመርም ጋምቤላ ደረስን።

ብረት መትከል ቀላል ይመስለኝ ነበር። የግቢያችን አፈር ጥቁር ነው፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፣ ሲያብጥ ደግሞ የተተከለበትን ሁሉ ወደ ላይ ይገፋል። ስለዚህ ጉድጓዱ ጠለቅ ማለት፣ የብረቱም ሥር በሲሚንቶ መታሰር አለበት። ባለቤቴ ከእኔ ጋር አልተስማማም፤ ድጅኖውን ያነሣው ግን እሱ ነው። እሱ ይቆፍራል፣ እኔ አፈሩን በጣሳ አወጣለሁ። አሸዋ ከባሮ ዳር አስመጣን፣ ጠጠሩን ከየመንገዱ ለቀምን። ቱንቢ ስላልነበረን ክር ላይ ድንጋይ አንጠልጥለን ብረቱ ቀጥ ማለቱን እናይ ነበር። ፊት ለፊቱ ቆሜ «ወደ ግራ!» ስል የምለው የራሴን ግራ ነው፤ እሱ የሚገፋው ወደራሱ ግራ ነው። ጎረቤቶች አጥሩ ላይ ተደግፈው ይስቁብናል። ጠፍጣፋ ጫፍ ያለውን ብረት ረጅም ስለሆነ መሐል ላይ አደረግነው። ሲሚንቶው እስኪጠነክር ውሃ እያጠጣን ከረምንና ሽቦውን በፒንሳ ወጠርን። የመሐሉን ሽቦ በዚያ በተሰነጠቀው በኩል አሳለፍኩት፤ ልክ ገባ። በእጄ ጎበዝ ነኝ ብዬ ኮራሁ። ባለቤቴ ብረቱን ይዞ ቢነቀንቀው ንቅንቅ አልል አለው።

«በቃ፣ ተተከልን» አለ። እየሳቀ ይሁን እየተናደደ አልለየሁም።

አሣ የሚያመጣልኝ ሰው ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ እንደ ብዙዎቹ የኑዌር ወንዶች ግንባሩ ከጆሮ እስከ ጆሮ የተሰመረ። ጦርነቱ ከድንበር ማዶ ያመጣው፣ ኢታንግ ካምፕ የኖረ፣ ካምፑ ሲበተን ወገኖቹ ሲመለሱ እሱ ጋምቤላ የቀረ ሰው ነው። አማርኛው ለአሣ ይበቃል፣ የእኔ ኑዌርኛ ደግሞ ለሰላምታ ብቻ ነው። ዋጋ ስንከራከር በጣታችን ነበር። ነርስ ስለሆንኩ ሲስተር ይለኛል። ያለ ፈቃዴ ከአጥሩ አልፎ አያውቅም።

ሽቦው በተወጠረ ሰሞን «ሲስተር!» ብሎ ጠራኝና ወጣሁ። ዐይኑ እኔ ላይ አይደለም። አሣዎቹን በገመድ አንጠልጥሎ ሳይጠይቀኝ ገባ። ወደ መሐሉ ብረት ሄደ፣ ቁመቱ ይበቃዋልና ጫፉን በጣቱ ዳሰሰው፣ ሽቦዬን ገፋ አድርጎ የተሰነጠቀውን አየ። አሣዎቹን መሬት ላይ ለቀቃቸው።

«ይሄ ብረት የኔ ነው» አለ።

«ገዝቼው ነው እኮ» አልኩ።

«የኔ ነው። ከየት መጣ?»

«ከገበያ ነዋ!»

«ማን አመጣ? የት አገኘ? የት?»

ድምፁ ከፍ አለ፣ የእኔም ከፍ አለ። እኔ መቼም ቁጣ ይቀናኛል። ሌባ ያለኝ መስሎኝ «ሰውዬ፣ እኔ የሰው ዕቃ አልነካም!» ብዬ ጮኽኩበት። ባለቤቴ ከቤት ሲወጣ የደረሰው «የኔ ነው» የምትለዋ ላይ ነው። በዚያ ሰሞን ደግሞ ከዚያች ቃል የበለጠ የሚያስደነግጠው አልነበረም። ሰውየው ከሄደ በኋላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ የሚሰማን ያለ ይመስል፣ «ብረቱን አይደለም የሚለው፣ መሬቱን ነው» አለኝ። «ብረት ተከሉ፣ ሊቀሩ ነው ብለው ነው። ነግሬሽ ነበር።» ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጥ አደረ። እኔ የጨነቀኝ መሬት ላይ የቀረው አሣ ነው። ሳልከፍል ልጥበሰው? ልተወውና ይሽተት? ሳመነታ የጎረቤት ድመት ገላገለችኝ።

ሰውየው ተመልሶ መጣ። አሣ አልያዘም። በሩ ላይ ቆሞ ብረቱን ያያል፣ «ማን አመጣ?» ይላል፣ ይሄዳል። ባለቤቴ ነገሩን በሰላም ልጨርስ ብሎ ገንዘብ አውጥቶ ሰጠው። አልተቀበለም። ገንዘቡን አይቶ የተናደደ መሰለኝ። በሌላ ቀን ትዕግሥቴ አለቀና «እሺ ውሰደው! ነቅለን እንስጥህና ተገላገለን!» አልኩት። ደነገጠ። ሁለት እጁን ዘርግቶ ብረቱ ፊት ቆመ።

«አትንቀዪ! ሲስተር፣ አትንቀዪ!»

የኔ ነው ይላል፤ ውሰድ ሲሉት አይወስድም፣ ሽጥልን ሲሉት አይሸጥም። ባለቤቴ «ጤነኛ አይደለም» አለ። እኔም ሐሳቤ ወደዚያው ሄዶ ሙቀቱን ልለካው ምንም አልቀረኝም ነበር።

በመጨረሻ በንግግር ተስፋ ቆረጠ መሰለኝ፣ መሬት ላይ ቁጢጥ ብሎ በስንጥር የከብት ራስ ሣለ። ጆሮዎቹንም ሣለ። አንደኛውን ጆሮ ጫፉን ቆረጠው፣ ሁለተኛውን ሰነጠቀው። ከዚያ ወደ ብረቱ ጫፍ ጠቆመ።

«የአባቴ ከብት» አለ። «ጆሮው ሁሉም እንዲህ ነው። ማንም ሰው ሲያይ የነሱ ነው ይላል። አይጠፋም።»

ቀጥሎ እጁን ከመሬት ከፍ አድርጎ ቁመት አሳየኝ። ከጉልበቱ ብዙም አይበልጥም።

«ልጄ። ሴት። ኢታንግ ካምፕ። ኩፍኝ።»

ኩፍኝን እንኳ የሚተረጉምልኝ አልፈልግም።

«ቀበርኩ። ሰው ብዙ ሞተ፣ ቦታው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። እንጨት ባደርግ ምስጥ ይበላል። ብረት አደረግሁ። የኛን ጆሮ ቆረጥኩበት። ስመለስ እንዳውቃት።»

ባለቤቴ በረንዳው ላይ ቆሞ ነበር፤ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ሽቦዬ ልክ ገባ ብዬ የኮራሁበት ስንጥቅ ለካስ አንድ አባት በድንጋይና በመጋዝ ለልጁ ያበጀው ምልክት ነው። የነቀልኩት እኔ አይደለሁም፤ ግን ከዚያ ሁሉ ክምር እሱን ካልሰጠኸኝ ብዬ የመጣሁት እኔ ነኝ። ይቅርታ አልኩት።

«አንቺ ምንም» አለኝ። «ብረቱ ይሁን። የት ነበር? የነቀለው ሰው ያውቃል የት ነበር።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ካምፑ ከተበተነ በኋላ ኢታንግ ሄዶ ነበር፤ ብረቱ የለም፣ ሣሩ ከሰው በላይ ሆኗል። ብረት ስለማይበላ አምኖት ሌላ ምልክት አልያዘም። «አትንቀዪ» ያለኝም አንዴ ተነቅሎ የጠፋበትን ነገር ሁለተኛ ከዐይኑ ሥር ሲነቀል ማየት ፈርቶ ነው። የሚያስጨንቀው ደግሞ ሌላ ነበር። ሚስቱ እየመጣች ነው። ልጅቷ ስትሞት እናትየዋ ከድንበር ማዶ ነበረች። ሲሸሹ ጦርነቱ ለያያቸው፣ ልጅቷ ከእሱ ጋር ቀረች። አሁን ውሃው ጎድሎ መንገዱ ሲከፈት ልትመጣ መልእክት ልካለች። የምትመጣው ልጇ ያረፈችበትን ቦታ ለማየት ነው።

«አሳየኝ ትላለች» አለኝ። «ምን አሳያለሁ? ሣር?»

ኢታንግ ያለውን ሻጭ አውቀዋለሁ፣ ለክትባት ስንወርድ አብረን እንሄዳለን አልኩት። ይህን ስል ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር፤ ሻጩን እናገኛለን፣ ቦታውን ያሳየናል፣ አለቀ። ባለቤቴም ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ መሬት ማውራት ተወ። አፍሮ ነው መሰለኝ፣ ማታ ማታ እየወጣ ያን ብረት ያየዋል።

እናትየዋ መጣች። ጠዋት ከባሏ ጋር በራችን ላይ ቆማ አገኘኋት። ከባሏ አትተናነስም ቁመቷ፤ አንድ ጨርቅ በአንድ ትከሻዋ ላይ ቋጥራለች፣ እግሯ በአቧራ ነጭ ሆኗል። በምችለው ኑዌርኛ ሰላም አልኳት። በራሷ ንቅናቄ መለሰችልኝና አልፋኝ ወደ ብረቱ ሄደች። ስለ ብረቱ ነግሯታል ማለት ነው። መዳፏን ብረቱ ላይ አሳረፈች፣ ወደ ላይ ተንጠራርታ የተቆረጠውን ዳሰሰች። ፓሽኑ ያኔ ቅጠል በቅጠል ሆኖ ነበር፤ ከሥሩ ጥላ ውስጥ ተቀመጠችና ውሃ ብሰጣት ጠጣች። ባሏ የሚያሳያት ቦታ ያለው መስሏታል። ባሏን አየሁት፤ ዐይኑን ከእኔ አሸሸ።

ባለቤቴ ማንም ሳያዘው፣ ብረቱ ወደ ቦታው ይመለስ ብሎ ድጅኖውን ይዞ ወጣ። እንዳይነቀል ብለን የተከልነው ብረት ስለሆነ ሲነቀል ላባችን ጠብ አለ። ሽቦውን ፈታሁ፣ ሐረጉ መሐሉ እንደ ተፈታ መቀነት ረገበ፣ አላዘንኩም። ብረቱ ሲወጣ ሲሚንቶው ትልቅ ድንጋይ ሆኖ ሥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ወጣ። ባለቤቴ ሊሰብረው መዶሻ ሲያነሣ ሰውየው ያዘው።

«ተው። ከባድ ይሁን። ሁለተኛ ማንም አይነቅልም።»

ኢታንግ የምንከትበው በገበያ ቀን ነው፣ ሰው ስለሚሰበሰብ። ትምህርትም ስላልነበረ ባለቤቴ ድጅኖውን ይዞ አብሮን መጣ። ሹፌሩ ያንኑ ብረት ሲያይ «ደሞ ልትመልሺው?» አለኝ። ነገሩን ስነግረው ራሱ ጫነው። ክትባቱን ጨርሰን ወደ ሻጩ ሄድን። እኔ ለጠብ ተዘጋጅቼ ነበር። ሻጩ ብረቱን ሲያይ «እሱ የተበላሸው! ራሴ ነኝ የነቀልኩት» አለ እየሳቀ። ባለቤቴ ምን እንደሆነ ሲነግረው ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ። አንዴ ወደ ሴትየዋ፣ አንዴ ወደ ብረቱ አየ። «የውሃ መስመር መስሎኝ ነው» አለ። «በልጆቼ፣ የውሃ መስመር ነው ያልኩት።» ልጣላው ያሰብኩትን ረሳሁት። ገበያው ሳይበተን ዕቃውን ሸፍኖ ከፊታችን መንገድ ጀመረ።

«አስታውሰዋለሁ» ይል ነበር እየሄደ። «አንድ ትልቅ ኩይሳ ነበር፣ ከሱ አጠገብ ነው።»

«አዎ!» አለ አባትየው። «ኩይሳ! አንድ ኩይሳ!» ለሚስቱ በቋንቋቸው ነገራት፣ እርምጃዋ ፈጠነ።

የካምፑ ቦታ ስንደርስ ሣሩ ተቃጥሎ ነበር። በጋ ላይ ሣር ይቃጠላል። መሬቱ እስከ ዛፎቹ ድረስ ጥቁር ነው፤ በጥቁሩ ላይ የቆሙት ኩይሳዎች ደግሞ የትየለሌ ናቸው። ትልቅ አለ፣ ትንሽ አለ፣ የተናደ አለ። ሰው ሲወጣ ምስጥ ገብቶበታል። ሻጩ ቆመ። አባትየውም ቆመ።

«አንድ ነበር» አለ ሻጩ።

«አንድ ነበር» አለ አባትየው።

ሻጩ ወደ ወንዙ በኩል ሄዶ «እዚህ ጋ መሰለኝ» አለ። አባትየው ወደ ዛፎቹ በኩል ሄዶ ቆመ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ሄደ። ዛፍ ነበር እዚህ፣ ተቆርጧል ይላል። ሻጩ የለም ዛፍ አልነበረም ይላል። ባለቤቴ ብረቱን ከነድንጋዩ ትከሻው ላይ አድርጎ ከአንዱ ወደ ሌላው ይከተላቸዋል። እኔ ማንን እንደማምን ጠፋኝ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው፣ ሁለቱም አያውቁም። እናትየዋ አመዱ ላይ ቆማ ሁላችንንም በተራ ታያለች።

አባትየው ወደ እኔ መጣ። ሚስቱ አማርኛ አትሰማም፣ ቢሆንም ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሲስተር፣ አንቺ አሳዪያት።»

«እኔ? እኔ እዚህ ቆሜ የማላውቅ!»

«እኔ ሳሳይ ዐይኔን ታውቀዋለች። እሱ ሲያሳይ አታምንም፣ ሌባ ትላለች። አንቺ ነርስ ነሽ፣ ብረቱን አንቺ አመጣሽ። አንቺ እዚህ ነው በዪ። እኔም አምናለሁ።»

ተናደድኩ። ምን በወጣኝ አልኩ በልቤ። አንድ እናት ዕድሜ ልኳን የምታስበውን ቦታ፣ ፓሽን ልተክል ብዬ ብረት የገዛሁ ሴት በምን ሥልጣን ነው የምመርጠው? ባለቤቴን አየሁት። «ምን ላድርግ?» አልኩት። ብረቱ ከብዶታል፣ ፊቱ በላብ ተጠምቋል። «አላውቅም» አለኝ። «እኔ ይሄን አላውቅም።» እምቢ ልል አፌን ስከፍት ሴትየዋን አየሁ። ከድንበር ድረስ በእግሯ የመጣች ሴት ወዴት እንደምትዞር ሳታውቅ ቆማለች። እምቢ ካልኩ ተመልሳ የምትሄደው ይህን ሁሉ ጥቁር መሬት ይዛ ነው።

ሄድኩ። ሁለት ትናንሽ ኩይሳዎች መሐል አመዱ ሳሳ ያለበት ደልዳላ ቦታ ነበር። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። እጄን ዘረጋሁ።

«እዚህ ነው» አልኩ።

አባትየው ተረጎመው። እናትየዋ መጥታ ተንበረከከች። አመዱን በሁለት እጇ ወደ ጎን ወደ ጎን ጠረገችው፣ ሥሩ ያለው አፈር እስኪወጣ ድረስ። ከዚያ እጇን አስቀመጠችበትና ወደ መሬቱ ጎንበስ ብላ ተናገረች፣ ረጅም ንግግር፣ እንደ ወቀሳም እንደ ወሬም። አላለቀሰችም፤ ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ወንዶቹ ቆፈሩ፣ ሻጩም ጭምር። ብረቱን ከነሲሚንቶው አወረዱት፣ አፈሩን በእግራቸው ረገጡት። ባለቤቴ ይዞ ነቀነቀው፤ አልተነቃነቀም።

ስንመለስ የመኪናው የኋላ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ተቀመጥን። ጥቂት እንደሄድን እናትየዋ እኔን እያየች ለባሏ ተናገረች። ባሏ ወደ እኔ አልዞረም።

«ምን አለች?» አልኩት።

ደግሜ ጠየቅሁት።

«‹ሴትየዋ ቦታውን አታውቀውም› አለች።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«‹እጇን አየሁት፣ ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም ነበር› አለች። ‹እሷ አታውቅም፣ ባሏ አያውቅም፣ ሌባው አያውቅም፣ አንተም አታውቅም› አለች።» ያኔ ወደ እኔ ዞረ። «‹ግን ይሄ ሁሉ ሰው ልጄን ሲፈልግ አየሁ› አለች።»

እሷ መልስ አልጠበቀችም፤ መኪናው እያንገላታት ራሷን ባሏ ትከሻ ላይ ጣል አድርጋ ተኛች። ከአገሯ ከተነሣች ጀምሮ እንቅልፍ በዐይኗ አልዞረም ነበር አለኝ ባሏ፣ ትከሻውን ሳያነቃንቅ።